መንገድ የሳተው የመጨረሻው ሰው

አዳማ ከተማ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ የሳተው ሰው ጋሽ ናሆም ደምስ ነው። ይህን የሚለው ራሱ ጋሽ ናሆም ነው። ቢሆንም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት አንድም ሰው ወጥቶ «የለም፣ ከአንተ በኋላ እኔ ስቻለሁ» ስላላለ ማዕረጉ በእጁ ጸንቶ ቀርቷል።

መሳት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰዉ ሁሉ ጆሮው ውስጥ የምስር ፍሬ የምታክል መሪ አለችው። ማለዳ «ተነሥ» ብላ ትጀምርና «ግራ ያዝ»፣ «ትንሽ ቁም»፣ «አሁን ተሻገር» እያለች ታውለዋለች። የተኳረፍከው ጎረቤትህ ከበሩ ሲወጣ አንተን ሱቅ ውስጥ ታዘገይሃለች። ቲማቲሙ ሊበላሽ የደረሰበት ነጋዴ ደጃፍ ስትደርስ የጫማህ ማሰሪያ መፈታቱን ትነግርሃለች። ጎንበስ ብለህ ቀና ስትል ቲማቲሙ ፊት ለፊትህ ነው። ማሰሪያው አልተፈታም ነበር፤ ግን ማንም አይቆጣም። ቤት ስትገባ ቲማቲም አልቆ ኖሯል።

የድሮ የክፍል ጓደኛህን መናኸሪያ በር ላይ ብታገኘው እንደ ጥንቱ «ዓለም ጠባብ ናት» ተባብላችሁ አትሳሳቁም። «ለምን ይሆን ያገናኘችን?» ብላችሁ ምክንያቱን ትፈልጋላችሁ። ሁለት የድሮ ጓደኛሞች ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ምክንያቱን ሲፈልጉ ውለው፣ አጥተውት፣ በመጨረሻ ተጣልተው ተለያዩ ይባላል። ምናልባት ምክንያቱ መጣላታቸው ይሆናል ያሉም አልጠፉም።

ለቅሶውም እንዲሁ ሆኗል። ድንኳን ውስጥ ባዶ ወንበር ማየት ከቀረ ቆይቷል። እድሮቹ ከመሪ ጋር ተዋውለው ሙሌት የሚሉትን ነገር አምጥተዋል። ሰው ያነሰው ድንኳን ካለ በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ጆሮው ውስጥ «ቀኝ ግባ፤ ሐዘን አለ» ይባላል። ይገባል፤ ይቀመጣል፤ ንፍሮውን ይዘግናል፤ ለማያውቀው ሟች ዐይኑን ያብሳል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። ዛሬ አዳማ ውስጥ አንድ ሰው ሲሞት ከሚያውቁት የማያውቁት ይበዙበታል። ሟቾቹም እስካሁን ቅሬታ አላሰሙም።

ጋሽ ናሆም የሳተው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ያኔ መሪ መንገድ ከማሳየት ያለፈ ሥራ አልነበራትም፤ ሰው ማገናኘት ገና አልጀመረችም። ቢያንስ እሱ እንዲህ ነበር የሚያውቀው።

ጎረምሳ ነበር። ሥራው ከከተማው ዳር ባሉት የነፋስ ማማዎች ላይ እየወጣ ክንፋቸውን ማጽዳት ነው። ማማዎቹ በእሱ አነጋገር ከፍታቸው የትየለሌ ከመሆኑ የተነሣ አናታቸው ላይ ሲሆን ደመና ከእግሩ በታች ያልፍ ነበር፤ አንድ ጊዜም ንስር መጥቶ ትከሻው ላይ አርፏል። አንድ የግንቦት ቀን የአለቃው እናት አረፉና ከሥራ በቀጥታ ወደ ቦኩ ሰፈር ሄደ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ድንኳን ተተክሏል። ቀኝ ያለው ውስጥ ገባ። ወግ ነውና ገና ከበሩ ጀምሮ «እናቴ፣ ደጓ እናቴ፣ ሆደ ቡቡዋ!» እያለ፣ ደረቱን እየደቃ ወደ ፎቶው አመራ። ፎቶው ላይ ባለ ጢም ሰውዬ ቁጭ ብሎ ያፈጥበታል።

ድንኳኑ ውስጥ ከአንዲት ፍራሽ ላይ ከተቀመጠች ልጅ በቀር ማንም አልነበረም። ልጅቷ አባቷን በቀበረችበት ቀን አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። እሷ ሶልያና ናት፤ በዓመቱ ሚስቱ ሆነች።

ታሪኩን ናሆም ያልተናገረበት ሠርግ አዳማ ውስጥ የለም። በተናገረው ቁጥር የሟቹ ጢም ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተራ ጢም ነበር፤ አሁን ከፎቶው ፍሬም ወጥቶ የድንኳኑን ምሰሶ ይዟል። ሶልያና ሌላውን ወሬውን ሁሉ ታርመዋለች። የቤታቸው ሕግ ናሆም የጠራውን ቁጥር ለአስር ማካፈል ነው። ንስሩም ሲካፈል እርግብ ሆኖ ተገኝቷል። የድንኳኑን ነገር ግን አትነካውም። ሰው ስቆ ሲያበቃ ቀስ ብላ «እግዜር የላከው ሰው ነው» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። አባቷ አቶ ኢዮስያስ ከዘመድ ከአዝማድ ተጣልቶ የኖረ፣ በሰላምታው እንኳ ሰው የሚያስቀይም ሰው ነበርና ያን ቀን «አይዞሽ» የሚላት አጥታ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ የጎረቤት ሠርግ ሲመለሱ ነው። ልጃቸው ሃሴት የመሪ መሥሪያ ቤት ውስጥ የድሮ ዓመታትን መዝገብ ታስተካክላለች። ሳሎን ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ እንደ ዘበት፣

«አባዬ፣ ያ ለቅሶ ግንቦት ነው ብለሃል አይደል? እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት በፊት?» አለች።

«ግንቦት ነዋ። ነፋሱ ቤት ነቅሎ የሚወስድበት ግንቦት።»

«ሙሌት የተጀመረው በዚያ ግንቦት ነው። ለሙከራ። ቦኩ ሰፈር።»

ሶልያና ጉትቻዋን እያወለቀች ነበር። አንዱ ጆሮዋ ላይ እንዳለ እጇ ቆመ።

«ምንድን ነው የተጀመረው?»

«ሙሌት፣ እማዬ። ሰው ያነሰው ድንኳን ሲኖር...»

«ሙሌት ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አለች ሶልያና።

ያን ቀን ትራሷን ይዛ ሃሴት ክፍል ገባች። አላኮረፈችም፤ ናሆም ብታኮርፍ በወደደ። ቁርስ ታቀርባለች፤ ውኃ ትቀዳለታለች፤ ሲያወራት እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ በትሕትና ትሰማዋለች። እሱ ደግሞ ዝምታ የማይችል ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ልብስ ስታጣጥፍ አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

«ሶሊ፣ አንድ ነገር በይኝ እንጂ። ስደቢኝም ይሁን።»

«ምን አድርገህ ነው የምሰድብህ?»

«አንዱን ምረጪ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምክንያት አጥተሽ አታውቂም።»

ፈገግ አላለችም። ያጠፈችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ናሆም፣ እዚህ ቤት የነገርከኝን ሁሉ ለአስር እያካፈልኩ ነው የኖርኩት። አላማረርኩም፤ ለምጄዋለሁ። ሳላካፍል የተቀበልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ይኼ ሰፈር ይብቃኝ፣ ሰው የሚባል አልፈልግም፣ የሆነ ቦታ ሄጄ ልጥፋ እያልኩ ነበር። ያኔ አንተ ገባህ። ተልከህ መሰለኝ። ላገባህም የወሰንኩት፣ ያን ሁሉ ውሸትህንም የቻልኩት ተልከህ ስለመሰለኝ ነው።»

«ተልኬ ነዋ።»

«ማን ላከህ? ሂድና ጠይቅ። ወንበር ለመሙላት ከሆነ ልወቀው። ከዚያ ምን እንደማደርግ አስባለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«አስባለሁ አልኩህ።»

ናሆም ይህን ያህል የፈራበት ጊዜ ትዝ አይለውም። ደመና ከእግሩ በታች ሲያልፍ እንኳ እንዲህ አልፈራም።

በማግስቱ ወጣ። የሚሄድበትን ለማንም አልተናገረም፤ ለመሪም ጭምር። ዝም ብሎ እግሩ ወዳመራው ይሄድ ጀመር። ጥቂት እንደተጓዘ ጆሮው ውስጥ «የጫማህ ማሰሪያ ተፈትቷል» አለችው። ጎንበስ አለ። ያደረገው ሰንደል ነበር። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ የመሪ ጽሕፈት ቤት በር ተከፍቷል።

መስኮቱ ውስጥ አንዲት ጠና ያለች ሴት ቆሎ ትቆረጥማለች። ደረቷ ላይ ሊዲያ የሚል ተለጥፏል።

«ምን ልርዳዎት ጋሼ?»

«አንድ ቀን... ታዝዤ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነበር።»

«ባለትዳር ነዎት?»

«በምን አወቅሽ?»

«የሚጠይቁት ባለትዳሮች ናቸው። ሰኞ ሰኞ በተለይ» አለች ሊዲያ። «ነጋዴ መጥቶ ደንበኛዬን ማን አመጣው ብሎ አይጠይቅም።»

ቀኑንና ሰፈሩን ነገራት። እሷም የነገራትን በእሱ በኩል ለማይታይ ነገር አቀብላ፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ቆሎውን ማላመጧን አላቆመችም።

«ታዘዋል» አለች።

ናሆም ወንበር ፈለገ። ወንበሩ አጠገቡ ነበር፤ ለዚሁ የተቀመጠ ይመስላል።

«'ቀኝ ግባ፤ ሐዘን አለ' ተብለዋል። ሊደርሱ የነበረው ለቅሶ ግራ በኩል ነው፤ እዚያ ሰው ሞልቶ ደጅ ቆሟል።»

«እኔ ሲነገረኝ አልሰማሁም። ነፋስ ነበር።»

«ጆሮዎ ሰምቷል።»

«ብቻዬን ነበርኩ?» ለምን እንደጠየቀ አያውቅም። ምናልባት በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ብቻ ሲሆን ማየት ስለለመደ ይሆናል።

«አይ፣ አርባ ሰው ነው የተላከው። የገባው አንድ ነው። ሌሎቹ እስከ በሩ ደርሰው ተመልሰዋል። ሙከራው አልሠራም ተብሎ ለጥቂት ዓመታት ቆሞ ነበር።»

«ስለዚህ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሙሌት እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ይመስላል ጋሼ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ብቻውን ለአሥር ሠርግ የሚበቃ ወሬ ነበር። ናሆም አፉ ውስጥ አገላበጠውና ጣዕም አጣበት።

«እነሱ ሲመለሱ እኔ ለምን ገባሁ?»

«እሱን አናውቅም። እኛ የምናውቀው እስከ በሩ ያለውን ነው።»

«ታዲያ አጋጣሚ ነዋ?»

ሊዲያ ቆሎዋን እያላመጠች ትንሽ አሰበች። «እዚህ ቤት አጋጣሚ የምንለው ሰው ያልጠየቀንን ነው» አለች። «ከጠየቃችሁን በኋላ አጋጣሚነቱ ሲቀር ነው የምናየው። የእርስዎን እንኳ ሙሉ በሙሉ አላስቀረነውም። አንድ እርምጃ ያህል ተርፎልዎታል።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ናሆም የአዳማን ታላላቅ ውሸቶች ሁሉ የፈለሰፈውን ጭንቅላቱን ሥራ አስያዘው። መሪዋ ግራ ብላኝ እኔ በገዛ እግሬ ቀኝ ዞርኩ ሊላት ይችላል። ይህ ቆንጆ ነው። ወይም ያን ቀን መሪዬ ማማው ላይ ወድቃ ጆሮዬ ባዶ ነበር። ይህ ደግሞ የበለጠ ያምራል፤ ጥቂት ነጎድጓድ ቢጨመርበት ሊዲያ ራሷ ታምነዋለች። እስከ ግቢው በር ድረስ አምስት ዓይነት አዘጋጅቶ፣ አማርጦ፣ አንዱን ይዞ ገባ።

ሶልያና ዛሬም በረንዳው ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጣጥፍ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ዐይኗ ገና ያልተነገራትን ለማካፈል የተዘጋጀ መሰለው። የያዘው ውሸት ቢካፈል ምን እንደሚተርፈው አሰበና ተወው።

«ታዝዣለሁ» አላት። «መሪ ናት የላከችኝ። ድንኳኑ ባዶ ስለነበር። አርባ ሰው ተልኮ እኔ ብቻ ገባሁ።»

«አራት ሰው።»

«አርባ። ይኼን አታካፍዪው፤ የእኔ ቁጥር አይደለም።»

«ሌሎቹስ?»

«በሩ ድረስ መጥተው ተመለሱ።»

ሶልያና ቀስ ብላ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ናሆም ልታለቅስ መሰለው፤ አላለቀሰችም። ፊቷ የሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነ።

«በሩ ድረስ መጥተው?» አለች እንደገና።

«እንዲያ ነው ያለችኝ።»

«ጫማቸውን አይቼው ነበር» አለች ሶልያና።

«የማንን ጫማ?»

«ፍራሽ ላይ ነበር የተቀመጥኩት፤ መሬት። ነፋሱ የድንኳኑን ጫፍ ባነሣው ቁጥር ጫማ ይታየኝ ነበር። ይመጣል፤ ይቆማል፤ ዞሮ ይሄዳል። የሴትም የወንድም ጫማ። አንዱ ቡኒ ቆዳ ነበር፤ ሊገባ አንድ እግሩን አንሥቶ ሁሉ ነበር። የአባቴ ዘመዶች መሰሉኝ፣ ናሆም። እስከ ደጁ መጥተው፣ በእሱ ቂም፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ እያዩ የተመለሱ። ስንቱን ነገር ይቅር ብያለሁ፤ ያን ግን አልቻልኩም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።»

«አንተ ታሪኩን ስትነግር ሰው ይስቃል። እኔ ጫማዎቹን አያለሁ። የማያውቀኝ መንገደኛ ነበር ለካ። ለምን እንደተላከ ግራ ገብቶት የተመለሰ መንገደኛ።»

ናሆም ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የምትለው ወዴት እንደሚሄድ አሁን ገባው። አክስቷ፣ የአባቷ እኅት እትዬ ብሌን፣ እዚሁ ከተማ ናቸው። ባላቸው ሲሞት ሶልያና አልሄደችም። እሳቸው ታመው ሲተኙ አልሄደችም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ከሩቅ አይተዋት «ልጄ» ብለው ሲጠሩ ፊቷን አዞረች። መሪ ይህን መዘገበች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ፣ ሁለት ሰፈር ተራርቀው እየኖሩ፣ አንድም ቀን አልተላለፉም። ሶልያና ግራ ስትይዝ እትዬ ብሌን ሱቅ ውስጥ ይዘገያሉ፤ እትዬ ብሌን ሲሻገሩ ሶልያና ትንሽ ትቆማለች። የሁለት ሴቶች ኩርፊያ እንደዚያ ባለ ጥንቃቄ ተጠብቆ ኖሯል።

«ጫማውን የዘመዶቼ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች ሶልያና። «አንተንም የእግዜር መልእክተኛ ያደረግኩህ እኔው ነኝ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ድንኳን። አንዱን ጥዬ አንዱን ልያዝ?»

«እኔን ያዢኝ» አለ ናሆም። ድምፁ አነሰበት።

የያዘችውን ልብስ አጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ለምን ገባህ?» አለችው።

ናሆም አፉን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተናገራቸው መልሶች ሁሉ ተሰልፈው ነበር፤ ነፋሱ፣ ዕንባው፣ ውስጤን አንድ ነገር ገፋኝ የሚለው።

«ወንበር አየሁ» አለ። «ደክሞኝ ነበር።»

ሶልያና ትክ ብላ አየችው። «ይኼን ለሰው አትንገር» አለች።

«አልናገርም።»

«በማግስቱስ ማን ላከህ?»

«በማግስቱ?»

«በማግስቱ መጥተሃል። ለሠልስቱም መጥተሃል።»

«ጃኬቴን ረስቼ ነበር እኮ።»

«ጃኬቱን ከበሩ ላይ ሰጥቼሃለሁ። ይዘኸው ገብተህ ተቀመጥክ። ለሠልስቱ ደግሞ ወንበር ደርድረህ፣ ውኃ ቀድተህ፣ ድንኳኑን ከእድሩ ሰዎች ጋር አፍርሰህ ነው የሄድከው። ጃኬቱን ሆን ብለህ ነው የረሳኸው?»

«እንጃ» አለ ናሆም። በሕይወቱ ስለ ራሱ ተጠይቆ እንጃ ሲል የመጀመሪያው ነው፤ ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ተሰማው። «እውነቴን ነው ሶሊ፤ እንጃ።»

ያጠፈችውን ልብስ አንሥታ ለእሱ አስታቀፈችው። «ይኼን ቁም ሣጥን ውስጥ አግባልኝ። ትራሴንም መልስልኝ፤ ሃሴት በእንቅልፏ ትራገጣለች።» ከዚያ ነጠላዋን ለበሰች። «ቶሎ በል። የምንሄድበት አለ።»

«የት?»

«እትዬ ብሌን ጋ።»

ከግቢው ሲወጡ መሪ «ትንሽ ቁሙ» አለች። ሶልያና አልቆመችም። «ግራ ያዙ» አለች መሪ፤ ቀጥሎም «ቤት ዘይት አልቋል»፣ ቀጥሎም፣ ከዚህ በፊት ሰምተውት በማያውቁት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይህ መንገድ ለእናንተ አይደለም።» ሶልያና ከጆሮዋ አውጥታ የአጥር ድንጋይ ላይ አኖረቻት። ናሆምም የእሱን አጠገቧ አስቀመጠ። ሁለቱ መሪዎች ድንጋዩ ላይ ሆነው ለነፋሱ መንገድ ሲያሳዩ ቀሩ።

ያለ መሪ መሄድ ለካ ገላ ለገላ መጋጨት ነው። ሰው በትከሻው ይገፋቸዋል፤ እነሱም ይገፋሉ፤ ሁሉም «ይቅርታ» ይላል፤ ብዙዎቹ ቃሉን ከተናገሩት ቆይተዋልና ያንተባትባቸዋል። መንገድ የጠየቋት አንዲት ባለ ሱቅ ጥያቄው ራሱ ገርሟት ሚዛኗን አስቀመጠች። «እኔ ለሰው መንገድ አሳይቼ አላውቅም» አለች፤ ከዚያ ደስ እያላት ከሱቋ ወጥታ እጇን ዘረጋች። ያሳየቻቸው ግማሹ ስሕተት ነበር።

የእትዬ ብሌን በር አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ሶልያና ሁለት ጊዜ እጇን አንሥታ መለሰችው። ናሆም ሊያንኳኳላት አልሞከረም፤ ኋላዋ ቆመ። በሦስተኛው አንኳኳች።

ከውስጥ የከዘራ ድምፅ መጣ። በሩ ተከፈተና አንዲት ትንሽ፣ ጎበጥ ያሉ አሮጊት ዐይናቸውን አጥብበው ተመለከቱ።

«የኢዮስያስ ልጅ ነሽ?» አሉ።

«ነኝ እትዬ።»

«ይኼስ?»

«ባለቤቴ ነው። ናሆም ይባላል።»

እትዬ ብሌን ከሁለቱ ትከሻ በላይ መንገዱን ግራ ቀኝ አዩት፤ ተጨማሪ ሰው የሚመጣ እንደሆነ የሚያረጋግጡ ይመስል። በዚህ ዘመን በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ከኋላው አንድ ነገር አለ።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

«ሆን ብለን ነው የመጣነው» አለች ሶልያና።

አሮጊቷ ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው አስደግፈው በሩን በሁለት እጃቸው ገፉት።

«እንዲያ ከሆነማ ቶሎ አትሄዱም» አሉ። «ግቡ።»